ደሴ ላይ ልስን ራሴ ልሠራ ነው፦ ምን ዕቃ ልያዝ? ስንት ሲሚንቶና አሸዋ? ጭቃ ግድግዳስ ላይ ሲሚንቶ ይሆናል?

የሆጤው፦

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ፣ ሆጤ ነኝ። ጓሮ የሠራነው ሰርቪስ ክፍል ግድግዳው አልቆ ቆርቆሮው ተመቷል፤ የውስጥ ልስኑን ከወንድሜ ጋር ራሳችን ልንሠራው ነው። ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ80 ነው። ግድግዳው ባለ 15 ሴንቲ ብሎኬት ሲሆን አራቱ ማዕዘን ላይ የኮንክሪት ኮለን (ምሰሶ)፣ ከላይ ዙሪያውን ማሰሪያ ቢም አለው። በሩ 90 በ210፣ መስኮቱ 120 በ120 ሴንቲ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ዋናው ቤት ነው። የእንጨትና ጭቃ ቤት ነው፤ በመንገድ በኩል ያለው የውጭ ግድግዳ ምርጉ እየተፈረፈረ ነው፣ በተለይ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ። የሚያየው ሁሉ «በሲሚንቶ ለስነውና ተገላገል» ይለኛል።

የምጠይቃችሁ፦ የግድ መግዛት ያለብኝ ዕቃ የቱ ነው? ለክፍሉ ስንት ሲሚንቶና አሸዋ ይበቃል? ጭቃው ላይ ሲሚንቶ ይይዛል ወይ? ጀሶስ የት ይገባል? ክረምቱ ሳይገባ መጨረስ እፈልጋለሁ።

ለሳኝ ከቧንቧ ውሃ፦

አብሽር ወንድማለም፣ ዕቃው ብዙ አይደለም። ማስተካከያውና ውሃ ልኩ ላይ ብቻ አትሰስት።

ማስተካከያ የምልህ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ) ነው። አንዱ 2 ሜትር ይሁን፣ ሌላው ለበርና ለመስኮት ዙሪያ 1 ሜትር ከ20። ከመክፈልህ በፊት ሁለት ቱቦላሬ ጎን ለጎን ገጥመህ ወደ ብርሃን ያዛቸው፤ በመካከላቸው ብርሃን ከታየህ አንዱ ጠማማ ነው። በጣውላ እሠራለሁ አትበል፤ ጣውላ ውሃ ሲጠጣ ይጣመማል፣ ግድግዳህም እሱን ተከትሎ ሆድ ያወጣል። ውሃ ልኩንም ሱቁ ግድግዳ ላይ አስደግፈህ አረፋው የት እንደቆመ እይ፤ ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ጫፍና ጫፉን አዙረህ ድገመው። አረፋው ሌላ ቦታ ከቆመ አትውሰደው።

የቀረው ቀላል ነው። ቱንቢ፣ 30 ሜትር ያህል ሲባጎ፣ የግንበኛ ማንኪያ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ፣ የእንጨት ማለስለሻ፣ የተቦካውን በግራ እጅ የምትይዝበት ባለ እጀታ ሰሌዳ፣ ስፖንጅ፣ ሰፊ ብሩሽ ለውሃ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ መሮና መዶሻ፣ አካፋ፣ ሦስት ባልዲ፣ አንድ በርሜል። የብረት ማለስለሻ አይረባህም። በብረት ደጋግመህ ስታሸው የሲሚንቶው ውሃና ልም ዱቄቱ ወደ ፊት ይወጣል፤ እሱ ሲደርቅ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። የእንጨቱ የሚተወው ሻካራ ፊት ግን ስቱኮ (ከቀለም በፊት የሚቀባውን ስስ ማለስለሻ) ይይዛል።

ወንፊት ሁለት ያስፈልግሃል፤ ቀዳዳው 5 ሚሊ ገደማ የሆነ ለርጭት (መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ለሚወረወረው ስስ ሽፋን) እና ለዋናው ልስን፣ 2 ሚሊ የሆነ ለመጨረሻው ስስ ፊት። ማቡኪያ ደግሞ ላሜራ ወይም ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ወለል ይሁን። አፈር ላይ የተቦካ አካፋው ስር ስሩን አፈር ያመጣልሃል።

የዶሮ ሽቦ አትርሳ። ኮለንና ብሎኬት የሚገናኙበት፣ ቢምና ብሎኬት የሚገናኙበት መስመር ሁሉ ሽቦ ካልተመታበት ልስኑ እዚያው መስመር ላይ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱ በሙቀትና በእርጥበት እኩል አይዘረጉም አይኮማተሩም። የአንተን ሳሰላው በአራቱ ኮለን ግራና ቀኝ 8 መጋጠሚያ በ2.80 ወደ 22 ሜትር፣ ቢሙ ስር ደግሞ 15 ሜትር ነው፤ ድምሩ 37 ሜትር። 1 ሜትር ስፋት ያለውን ሽቦ 25 ሴንቲ 25 ሴንቲ እየቆረጥክ አራት ብታደርገው 10 ሜትር ሽቦ ይበቃሃል። ሽቦው ግማሹ ኮንክሪት፣ ግማሹ ብሎኬት ላይ ይረፍ።

ለመቆሚያ ሁለት ካቫሌቶ (ጣውላ የሚሸከም ባለ አራት እግር) እና 5 ሴንቲ ውፍረት ያላቸው ሦስት ጣውላዎች በቂ ናቸው። በርሜል ላይ ጣውላ ጥላችሁ አትውጡ፤ ሞርታር (የተቦካውን ሲሚንቶና አሸዋ) ስትወረውር ክብደትህ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጓንትና መነጽርም ያዙ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፣ ከራስ በላይ ስትለስን ደግሞ የሚረጨው ቀጥታ ዓይን ላይ ነው።

ጋሼ፣ የቆየ ግንበኛ፦

ዕቃውን ልጁ በደንብ ነግሮሃል። እኔ ስለ አሸዋው ልናገር፤ ደሴ ላይ ልስን የሚያበላሸው ከሲሚንቶው ይልቅ አሸዋው ነው።

አሸዋ ከመኪና ላይ ሳይራገፍ ፈትነው። ጠርዟ ቀጥ ያለ ግልጽ የውሃ ጠርሙስ ውሰድ። እስከ ግማሽዋ አሸዋ፣ ከዚያ እስከ ሦስት አራተኛዋ ውሃ፣ ጨው ቆንጠር አድርገህ ጨምርና ክደናት፤ ለአንድ ደቂቃ በኃይል አራግፋት፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጣት። ከሦስት ሰዓት በኋላ አሸዋው ታች፣ ጭቃው ከላይ እንደ ቡና አተላ ተንጣሎ ታየዋለህ። በማስመሪያ ለካ። የኢትዮጵያ ደረጃ የሚፈቅደው ጭቃ እስከ 6 በመቶ ነው፤ አሸዋው 10 ሴንቲ ቢሆን ጭቃው ከ6 ሚሊ ማለፍ የለበትም ማለት ነው። ካለፈ ታጥቦ ይገባል ወይም ይመለሳል። በእጅ ፈትገህ መዳፍህን ቡናማ የሚያደርግ አሸዋ ያለ ጠርሙስም ያስታውቃል። ጭቃ የአሸዋውን ቅንጣት ይሸፍነዋል፤ ሲሚንቶው ቅንጣቱን ሳይሆን ጭቃውን ነው የሚይዘው። ውሃም በጣም ይጠይቃል፣ ሲደርቅም በጣም ይኮማተራል።

ልኬቱን እንሥራ። ዙሪያው 15 ሜትር በ2.80 42 ሜትር ካሬ ነው። በርና መስኮቱ 3.3 ያህል ይቀንሳሉ፤ ወደ 39 ይቀራል። በ2 ሴንቲ ውፍረት 0.78 ሜትር ኪዩብ እርጥብ ልስን ይሆናል። ደረቁ ሲቦካ ስለሚጠቀጠቅ በ1.3 አባዛው፣ ብሎኬቱ ጎድጎድ የሚልበትንና የሚወድቀውን 15 በመቶ ጨምር፤ 1.17 ሜትር ኪዩብ ደረቅ ዕቃ ይመጣል። 1 ለ4 (አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ) ካቦካኸው ሲሚንቶው 340 ኪሎ አካባቢ፣ ማለት 7 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው። ለርጭቱ አንድ ተኩል ጨምርና 9 ግዛ። አሸዋው 1.1 ሜትር ኪዩብ ይሆናል፤ በወንፊትና በማጠብ የሚጎድል ስላለ 1.5 አስመጣ፣ በእጅ ጋሪ ቢቆጠር 25 ጋሪ ያህል ነው።

ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት)፣ የጥንካሬ ደረጃው 32.5 ይሁን። ኦፒሲው (ተራው ፖርትላንድ) ለኮለንና ለቢም ነው፤ ለልስን ቶሎ ይጠነክርና ለማስተካከል ፋታ አይሰጥህም። ከረጢቱን ጎኑን ጫን በልና እየው፤ ውስጡ እንደ ድንጋይ የሆነ እብጠት ካለው እርጥበት አግኝቶታል። ቤት ስታስገባውም ከመሬት 15 ሴንቲ ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገህ ደርድረው።

መለኪያ ሳጥን አሠራ፦ 50 በ40፣ ቁመቱ 18 ሴንቲ፣ ታች የሌለው፣ ባለ እጀታ። 36 ሊትር ነው፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶም ወደ 35 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ከረጢት ለአራት ሳጥን። በአካፋ አትቁጠር፤ እርጥብ አሸዋ አካፋ ላይ ይቆለላል፣ ሲሚንቶ ግን ይፈስሳል፣ 1 ለ4 ያልከው ሳታውቀው 1 ለ6 ይሆናል። እርጥብ አሸዋ ደግሞ ይነፋል፤ ዝናብ ያገኘውን ሳጥኑን ትንሽ ከፍ አድርገህ ሙላው።

አንድ ከረጢት በአንዴ አታቡካ። ሁለት ሰው አንድ ሰዓት ውስጥ የሚጨርሰውን ሩብ ሩቡን፣ ማለት አንድ ሳጥን አሸዋ ከሩብ ከረጢት ጋር፣ በደረቁ ሦስት ጊዜ ገልብጠህ መልኩ አንድ ዓይነት ሲሆን ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጣው። ማንኪያው ላይ ተንሸራቶ የሚወድቅ ግን የማይፈስ ሲሆን ደርሷል። መጠንከር የጀመረውን ውሃ ጨምረህ አታለስልሰው። ያንን ጣለው፤ ግድግዳ ላይ ቢወጣም ጥንካሬ የለውም።

ብርከና፦

1 ለ3 ነው የሚሻለው ባይ ነኝ። ሲሚንቶ በዛ ማለት ጠነከረ ማለት ነው።

ጋሼ፣ የቆየ ግንበኛ፦

ለርጭቱ ልክ ነህ፤ 1 ለ3 ወይም 1 ለ2 ነው የሚቦካው፣ ስስና ጠንካራ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ለዋናው ልስን ግን ሲሚንቶ በበዛ ቁጥር መኮማተሩም ይበዛል። ከስር ያለው ብሎኬት ደካማ፣ ከላይ ያለው ልስን ጠንካራ ከሆነ ልስኑ ሲኮማተር ብሎኬቱን ይለቃል፤ ስታንኳኳው ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል። ከግድግዳ ወደ ውጭ ስትመጣ እያንዳንዱ ሽፋን ካለፈው አንድ ደረጃ ለስለስ ማለት አለበት።

የኮምቦልቻ ለሳኝ፦

ሥራውን እኔ ልጨምር፤ ጠያቂው ራሱ ስለሚሠራ በቅደም ተከተል ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ የመብራት ኮንዲዩት (የሽቦው ቱቦ) እና ሳጥኖቹ ይቀበሩ። ልስን አልቆ የሚፈለፈል መስመር ምንጊዜም ያስታውቃል። ኮለኑና ቢሙ ፎርም (ኮንክሪቱ የፈሰሰበት ቅርጽ) የነካው ልሙጥ ፊት ነው፤ በመሮ በየ3 ሴንቲው ቆርቁረው፣ የፎርም ዘይት ካለበት በሽቦ ብሩሽና በሳሙና እጠበው። ዘይት ላይ ምንም አይይዝም። ከዚያ ሽቦው ይመታል። ግድግዳውን ማታ በደንብ አጠጣው፣ ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ ድገመው። ብሎኬቱ ጠቆር ብሎ ግን ውሃ የማያብረቀርቅበት ጊዜ ነው ትክክለኛው። ደረቅ ብሎኬት የልስኑን ውሃ ጠጥቶ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ያደርቀዋል፤ ውሃ የሚያብረቀርቅ ግድግዳ ደግሞ ልስኑን ያንሸራትተዋል።

ርጭቱን እንደ ቀጭን አጥሚት አቡካውና በማንኪያ ከእጅ አንጓ በኃይል ወርውረው። አታስተካክለው፣ ሻካራነቱ ነው የሚፈለገው፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ውፍረት። በማግስቱ በጥፍር ሲቧጭሩት የማይፈረፍር ከሆነ ቀጥል።

ቱንቢና ሲባጎ አሁን ነው ሥራቸው። ከግድግዳው በጣም ወደ ፊት የወጣውን ቦታ ፈልግ፤ ልስኑ እዚያ ከ1 ሴንቲ እንዳያንስ ሲባጎውን ዘርጋ። ከዚያ የሰድር ስባሪ በሞርታር እያጣበቅክ ነጥብ ትከል። በነጥብና በነጥብ መካከል ከ1 ሜትር ተኩል አይብለጥ፤ 2 ሜትሩ ማስተካከያ ሁለቱንም ካልረገጠ ነጥቡ ዋጋ የለውም። ከላይና ከታች ያሉትን ነጥቦች 10 ሴንቲ ስፋት ባለው የሞርታር መሪ መስመር አገናኛቸው። መሪዎቹ ትንሽ ሲጨብጡ መሃሉን ሞልተህ ማስተካከያውን ግራና ቀኝ እያወዛወዝክ ከታች ወደ ላይ ሳበው። ስባሪዎቹን ነቅለህ ቀዳዳቸውን ድፈን።

በአንድ ጊዜ ከ1 ሴንቲ ተኩል በላይ አትጣል። ግድግዳው 3 ሴንቲ የሚፈልግ ከሆነ የመጀመሪያውን በሚስማር አግድም እየቧጨርክ ተወውና በማግስቱ ሁለተኛውን ድገም። በአንዴ የተከመረ ልስን በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ በኩል ከንፈር የመሰለ አግድም ስንጥቅ ታይበታለህ።

ማለስለሻው የሚገባው አውራ ጣትህን ስትጫን ቅርጹ ቀርቶ ጣትህ ግን ሳይሰምጥ ሲቀር ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ነው፣ ሙቀትና ንፋስ አለ፤ እዚህ ቶሎ ይደርሳል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ነውና ጠዋት የተለሰነው እስከ ከሰዓት ሊቆይ ይችላል። አትቸኩል። ለማድረቅ ብለህ ደረቅ ሲሚንቶ አትርጭበት፤ ይህ በየግንባታው የማየው ትልቁ ጥፋት ነው። የተረጨው ሲሚንቶ ላዩ ላይ እንደ ቅርፊት ይደርቅና ከቀለሙ ጋር ይላጣል።

ከማግስቱ ጀምሮ ለ7 ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ በስሱ እርጭ። በጀሪካን አትድፋ፣ ፊቱን ያጥበዋል። ኮምቦልቻ ላይ የውጭ ግድግዳ የሚለስን ሰው ጠዋት ምዕራቡን፣ ከሰዓት ምሥራቁን ይሥራ፤ እርጥብ ማዳበሪያም ይስቀልበት።

የቃሉ ልጅ፦

ወንድሜ፣ የጭቃውን ግድግዳ ለእኔ ተውልኝ። የሚሉህን አትስማ፣ ቤቱን ይጎዳብሃል።

የእንጨትና ጭቃ ግድግዳ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ ውስጡ ያለው ቋሚና ማገርም እንደዚሁ። ሲሚንቶ አይንቀሳቀስም። አንድ ሁለት ክረምት ይቆምና ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ ግን በሲሚንቶው በኩል ተንኖ መውጣት አይችልም። እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፣ ምስጥም እርጥቡን ይወዳል። ከውጭ ስታየው ግን ደህና ነው።

ደግሞ በተለይ ከጉልበት በታች መፈርፈሩን ራስህ ነግረኸናል። ያ ከምርጉ አይደለም፤ ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታ መሬት መትቶ የሚረጨው ነው። የቆርቆሮው ጫፍ ከግድግዳው 60 ሴንቲ ይውጣ ወይም አሸንዳ ይግባበት፤ ግድግዳው ሥር 50 ሴንቲ ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘመመ የድንጋይ ንጣፍ አድርግበት። የመንገዱ አፈር ከፍ ብሎ ግድግዳውን የሚነካው ከሆነ ቆፍረህ አውርደው። ይህ ካልሆነ በምንም ብትመርገው ተመልሶ ይፈርሳል።

ለምርጉ አፈሩ ዋልካ አይሁን፤ ዋልካ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። ቀይ ወይም ቡናማ፣ ሲያድበለብሉት የሚያያዝ አፈር ይሻላል። የጤፍ ጭድ ጨምረህ ውሃ አጠጥተህ በእግር ርገጠው፣ በየሁለት ቀኑ እያገላበጥክ ሁለት ሳምንት አቆየው። ሽታው ተለውጦ፣ ጭዱ ልስልስ ብሎ፣ ጭቃው እጅ ላይ ቅባት ቅባት ሲል ደርሷል። ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ጭዱ ተነጥሎ ይወጣል።

የጭዱንና የአሸዋውን መጠን አፈሩ ነው የሚወስነው። ግድግዳው ላይ ሦስት ቦታ፣ ስንዝር ከግማሽ በስንዝር ከግማሽ አድርገህ፣ አንዱን ያለ አሸዋ፣ አንዱን ከአራት አንድ አሸዋ፣ አንዱን ከሁለት አንድ አሸዋ ጨምረህ መርገውና ሲደርቅ እይ። ያልተሰነጠቀውና ስትዳብሰው የማይራገፈው ነው የአንተ ልክ። የላላውን አሮጌ ምርግ እስከ ደህናው ድረስ አራግፍ፣ በውሃ አርጥበው፣ የመጀመሪያውን 2 ሴንቲ ያህል ጥለህ በጣት ቧጭረው። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትደርብ። የመጨረሻው በ2 ሚሊ ወንፊት የተነፋ አፈርና ትኩስ እበት ሆኖ በእጅ መዳፍ፣ በስሱ ይቀባል። በላዩ ላይ የበረደ ኖራ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጠን አድርገህ ቀባው፤ ኖራ ግድግዳው እንዲተነፍስ ይተወዋል። ኖራውን ከአንድ ቀን በፊት ዘፍዝፈው። ያልበረደ ኖራ ከገዛህ ግን ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ኖራውን ወደ ውሃው ጨምር እንጂ ውሃውን ኖራው ላይ አትድፋ፣ ልጆችንም አርቅ።

ሲሚንቶ ካልሆነ ብለህ የምትጸና ከሆነ፣ የዶሮ ሽቦውን ጭቃው ላይ ሳይሆን ቋሚ እንጨቶቹ ላይ በሚስማር ምታ፣ ውህዱን 1 ሲሚንቶ፣ 2 ኖራ፣ 9 አሸዋ አድርግ፣ ከመሬት 15 ሴንቲ ከፍ ብለህ ጨርስ። እኔ ግን አልመክርህም።

የሆጤው፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ለሁላችሁም። እህቴ የቃሉ ልጅ፣ ቆርቆሮው የሚወጣው 25 ሴንቲ ብቻ ነው፣ አሸንዳም የለውም፤ ምክንያቱ እሱ መሆኑ አሁን ገባኝ። ጋሼ፣ ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ጀሶውን የሚለሰነው ክፍል ውስጥ ከሲሚንቶ ጋር ቀላቅዬ ብጠቀም ቶሎ ይደርቃል ብለውኛል፤ እውነት ነው? ስቱኮና ቀለምስ ስንት ቀን ልጠብቅ?

ጋሼ፣ የቆየ ግንበኛ፦

አትቀላቅል ልጄ። ቶሎ መጨበጡ እውነት ነው፣ ግን ጀሶና ሲሚንቶ እርጥበት ባለበት አብረው ሲቆዩ ውስጥ ለውስጥ ሌላ ነገር ፈጥረው ያብጣሉ፤ ልስኑ ከወራት በኋላ ይነሳል። ጀሶ ብቻውን ለኮርኒስና ለደረቅ የውስጥ ግድግዳ ጥሩ ነው። ሰርቪስ ክፍሉ ወጥ ቤት ወይም መታጠቢያ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ግድግዳው በኋላ በኩል አፈር የተደገፈበት ከሆነ፣ ጀሶ አታስጠጋበት፤ ደሴ ተዳፋት ላይ እንዲህ ያለ ግድግዳ ብዙ ነው። ውሃ ይስብና ይላላል።

ስቱኮና ቀለም 28 ቀን ጠብቅ፣ ጭጋግ ከበዛ ከዚያም በላይ። ለማወቅ 50 ሴንቲ በ50 የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር ዘግተህ ለጥፈህ አሳድረው። ጠዋት ላስቲኩ ከውስጥ ላብ ካለው ገና ነው። ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ከወጣብህ በደረቅ ብሩሽ ጥረገው እንጂ አትጠበው፤ ካጠብከው ተመልሶ ገብቶ ደግሞ ይወጣል።

የምትጀምረውም ከመስኮቱ ተቃራኒ ካለው ድፍን ግድግዳ ይሁን። እጃችሁ እስኪለምድ ማዕዘንና የመስኮት ዙሪያ የሌለበት ይሻላል።